ማሳዬ ለጭልፊት ይመቻል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከዘንዘልማ ነው። ከአባታችን የወረስነው ስምንት ቃዳ፣ ማለትም 2 ሄክታር መሬት አለን። በክረምት ጤፍና ዳጉሳ፣ ጥግ ጥጉን በቆሎ እንዘራለን። ዝናቡ ሲወጣ በቀረችው እርጥበት ጓያና ሽንብራ እናስከትላለን። አይጥ ግን አስመረረን። ዳጉሳውን በቁሙ ይበላዋል፤ ሲታጨድ ደግሞ ክምሩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። አንድ ግብርና የተማረ ጓደኛዬ "መርዙን ተወውና አዳኝ አሞራ አስለምድ" አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዙሪያውን ባህር ዛፍ እንትከል ባይ ነው። ጭልፊት ከላይ ሲያልፍ አያለሁ፤ ሲወርድ ግን አይቼው አላውቅም። ማሳችን ለእነዚህ ወፎች መመቸት አለመመቸቱን በምን ልወቅ? ገንዘብ የለኝም፣ ጊዜ ግን አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ሲያልፍ አያለሁ፤ ሲወርድ ግን አይቼው አላውቅም" ያልካት ላይ ስደርስ ሁለቴም ቆምኩ። የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈኸዋል። የሚያልፍ ወፍ መንገደኛ ነው። የማሳህ ነገር የሚታወቀው በሚወርደው፣ በሚቀመጠውና አጠገብህ ጎጆ በሚሠራው ነው።

ገንዘብ ባይኖርህ ግድ የለም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ነው። የሩቅ ማያ መነጽር የሚያውስህ ካገኘህ ጥሩ፤ ካጣህም ዓይንህ ይበቃል።

በመጀመሪያ ማንን እንደምትጠብቅ እንነጋገር። እኛ ጋ ትንሹም ትልቁም "ጭልፊት" ነው፣ ከዚያ ካለፈ "አሞራ" ነው። ለአይጥ ሥራ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ከሁሉ በፊት እንድታውቀው የምፈልገው ጅራቱ እንደ ሸክላ ጡብ የቀላውን ነው። ክንፉ ሰፊ፣ ሰውነቱ ደልደል ያለ ነው። ደረቱ አንዳንዱ ላይ ነጭ፣ አንዳንዱ ላይ ጥቁር ስለሆነ በደረቱ አትለየው፣ ጅራቱን እይ። የውጭዎቹ መጻሕፍት ኦገር ባዛርድ ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር የሚኖር የደጋና የወይና ደጋ ወፍ ነው፤ ዋና ቀለቡም አይጥ ነው። ሁለተኛው ጥቁሩ፣ አናቱ ላይ እንደ ሕፃን ልጅ ቁንጮ ረጅም ላባ ያቆመው ንስር ነው። እሱም ከአይጥ ሌላ ብዙ አይፈልግም። ሦስተኛዋ ትንሿ፣ አየር ላይ እንደተሰቀለች ክንፏን እያርገበገበች አንድ ቦታ የምትቆመው ኬስትረል ናት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ፣ ከሣሩ ከፍ ሳይሉ ክንፋቸውን ወደ ላይ ቀሰር አድርገው የሚንሳፈፉ ሃሪየሮች አሉ። ሌሊቱን ጉጉት ትረከባለች።

ጉጉትን ሟርተኛ ናት ብለው የሚያባርሩ ሰዎች በሰፈርህ ካሉ ቀስ ብለህ አስረዳቸው። አንዲት ጉጉት በአንድ ሌሊት ሦስት አራት አይጥ ትበላለች። እኔ ጉጉት የጮኸችበት ቤት ሰው ሲሞት አላየሁም፤ ጉጉት የተባረረችበት ጎተራ ሲራቆት ግን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ምዘናው። ቁጭ በል። ሥራው በዚህ ይጀመራል። ማሳው ሁሉ የሚታይህ ከፍ ያለ ቦታ ምረጥና ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተቀመጥ። በዚያ ሰዓት መሬቱ ይሞቃል፣ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሰፋፊ ክንፍ ያላቸው ወፎችም ይወጣሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ እስኪመሽ ቆይ። ያየኸውን ወፍ ሁሉ ከሦስት በአንዱ ጻፍ፤ አለፈ፣ ተቀመጠ፣ ለአደን ወረደ። ይህን በአንድ ወቅት ብቻ ሠርተህ እንዳትፈርድ። አንዴ መስከረም ላይ ሰብሉ ቆሞ ሳለ፣ አንዴ ታኅሣሥ ላይ ከታጨደ በኋላ፣ አንዴ መጋቢት ላይ መሬቱ ሲራቆት ድገመው። በየወቅቱ ቢያንስ ሦስት ቀን ስጠው።

ለምን ሦስት ወቅት? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አይጥ የበዛበት ማሳ ሁሉ ለጭልፊት የሚመች ይመስለናል። ጭልፊቱ ግን የሚበላው ያለውን አይጥ አይደለም፤ የሚያየውንና የሚደርስበትን አይጥ ነው። መስከረም ላይ ዳጉሳህ ጥቅጥቅ ብሎ ሲቆም ከሥሩ አይጥ ሠርግ ቢደግስ ከላይ አይታይም። ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ ቃርሚያ ብቻ ሲቀር ያው አይጥ ገበያ ላይ እንደተዘረጋ ዕቃ ነው። ስለዚህ ስትቆጥር የአይጡን ብዛትና የሰብሉን ቁመት ጎን ለጎን ጻፍ።

አይጡን በዓይን ለመቁጠር አትድከም። ቀዳዳውን ቁጠር። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ መስመር አስምር። አንዱ በማሳው መሃል፣ ሌላው በድንበሩ ሣር ላይ ይሁን። ማታ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በአፈር ድፈን። ጠዋት ተመለስና የተከፈቱትን ብቻ ቁጠር። የተከፈተው ባለቤት ያለው ነው፤ እንደተደፈነ ያደረው ወና ቤት ነው። ይህን ዘዴ ለገበሬ ባሳየሁ ቁጥር ጠዋት ላይ ልጆቹ ቀድመውኝ ሄደው ቆጥረው ይጠብቁኛል። ድንበሩ ላይ ከመሃሉ በጣም የበለጠ ብታገኝ አትደነቅ። አይጥ የሚራባው ሣሩ ባልተነካበት ነው፣ የሚሰርቀው ደግሞ ማሳው ውስጥ ነው። ለጭልፊት የሚመቸውም ይኸው ድንበር ነው፤ ረጅም ሣርና የተጋጠ ወይም የታጨደ መሬት ጎን ለጎን ሲሆኑ። ሣሩን ከሥሩ ጠርገህ ብታጠፋው አይጡ ወደ ክምርህ ይገባል። ጨርሰህ ብትተወው ደግሞ ወፉ አያየውም። ድንበሩን በፈረቃ እጨደው፣ ግማሹን በዚህ ወር፣ ግማሹን በሚቀጥለው።

ቀጥሎ መቀመጫ ፈልግ። ጅራተ ቀዩም ባለ ቁንጮውም አብዛኛውን አደን የሚያድኑት ተቀምጠው ቁልቁል እያዩ ነው። ስምንት ቃዳህ መሃል ላይ አንድም ዛፍ፣ አንድም ምሰሶ ከሌለ፣ ከላይ አልፈውህ የሚሄዱበት ምክንያት ምናልባት ከዚህ አይርቅም። በማሳውና በዙሪያው ያሉትን ዛፎች፣ የአጥር እንጨቶችና ምሰሶዎች ሁሉ ሥዕል ሥራበት። ከዚያ እያንዳንዱ ሥር ሂድና መሬቱን እይ። ኖራ የተረጨ የሚመስል ነጭ ኩስ ካለ ወፉ እዚያ ይውላል ማለት ነው። ከኩሱ ጎን ድብልብል ያለ፣ ግራጫ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ነገር ካገኘህ ደስ ይበልህ። ትፋት ነው። ጭልፊትና ጉጉት ያልፈጩትን ፀጉርና አጥንት ጠቅልለው በአፋቸው ይተፉታል።

አንዱን እንዴት እንደከፈትኩት ልንገርህ። ከአንድ አሮጌ ዋንዛ ሥር ያነሳሁት የጉጉት ትፋት ነበር። ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሰሃን ነከርኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፀጉሩ እንደ እርጥብ ጥጥ ተላቀቀ። በመርፌ ስገልጠው ሦስት የራስ ቅል ወጣ። ሦስቱም ትንንሽ፣ የፊት ጥርሳቸው ብርቱካንማ ቢጫ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ። የአይጥ ጥርስ ነው፣ አይሳትም። ከሥር የጎድን አጥንቶች ነበሩ፤ ከስፌት መርፌ የቀጠኑ። ሦስት አይጥ ከአንድ ትፋት! ባለ ማሳውን ጠርቼ አሳየሁት። ያንን ዋንዛ ሊቆርጠው ቀን ቆርጦለት ነበር። ሰሃኑን አየ፣ ዛፉን አየ፣ ምንም ሳይለኝ ሄደ። ዋንዛው ዛሬም ቆሟል።

ዛፍ ከሌለህ ትሠራለህ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ቁረጥና አናቱ ላይ ክንድ የሚያህል አግዳሚ ምታበት። አግዳሚው ሻካራ ይሁን፣ ቅርፊቱን አትላጠው። ለ2 ሄክታር አራት አምስት እንጨት ይበቃል። ከድንበሩ ጥቂት ገባ አድርገህ ትከላቸው፣ ወፉ ሣሩንም ማሳውንም እንዲያይ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራቸውን እየዞርክ እይ።

ጎጆ ግን በተተከለ እንጨት ላይ አይሠራም። ትልልቅ ዛፍ ይፈልጋል፤ ዋርካ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ግራር። ጅራተ ቀዩ በጎጆው ላይ ዓመት ዓመት እንጨት እየጨመረ ይመለስበታል። እኛ አገር ትልልቆቹ ዛፎች የቀሩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ በአቅራቢያህ ወዳለው ደብር ሄደህ ካህናቱን ጠይቅ። ቀና ብለህ ቅርንጫፉን እይ። የማሳህ ዋጋ ከማሳህ ውጭ ባለ አንድ ዝግባ ላይ ሊወሰን ይችላል።

የወንድምህን ባህር ዛፍ ስላነሳህ፣ እውነቱን ልናገር። ባህር ዛፍን እንደ ጭራቅ የሚያዩት ሰዎች ሁሉ ትክክል አይደሉም። ባለ ቁንጮው ንስር ረጅሙን ባህር ዛፍ ይወደዋል፤ ይቀመጥበታል፣ ጎጆም ይሠራበታል። ችግሩ ከሥሩ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ባህር ዛፍ ሥር ሣር አይበቅልም፤ ሣር ከሌለ አይጥ የለም፤ ክፍት መሬት ከሌለ ማደኛ የለም። ዙሪያውን ሁሉ ብታጥረው ማሳህን ጉድጓድ ታደርገዋለህ፣ ሰብልህም ውሃና ብርሃን ያጣል። አንድ ጥግ ላይ ጥቂት ዛፍ ግን ሁለታችሁንም ያስማማል። ለወንድምህ እንደዚህ በለው። ወይ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አስነብበው።

አሁን ልቤ ውስጥ ወዳለው ነገር ልምጣ። ከብዙ ዓመት በፊት የልማት ሠራተኛ ሆኜ ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ በኩል ባለ አንድ ቀበሌ ተመድቤ ነበር። አይጥ ያስቸገረበት ዓመት ነው። የአይጥ መርዝ መጣልንና ከጥራጥሬ ጋር አደባልቀን አደልን። ጥቁር ዱቄት ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። የሞተውን አይጥ ሰብስባችሁ ቅበሩ ብዬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ልጅ ነጭ ፊቷን ጉጉት በክንፏ ይዞ መጣ። ደርቃለች። ከወደቀችበት ቦታ ግማሹ የተበላ አይጥ አገኘን። ያቺ ጉጉት በዚያ ቀበሌ ከማንኛችንም በላይ ስትሠራ የኖረች ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ስለዚህ ከምዘናው ሁሉ በኋላ አደጋውን ጻፍ። እናንተም ጎረቤትም መርዝ ትጠቀማላችሁ? የትኛውን? በዱቄት መልክ የሚመጣው ጥቁሩ ዚንክ ፎስፋይድ ገና በአይጧ ሆድ ውስጥ ሳለ የበላትን ሊገድል ይችላል። በሰምና በእህል ተጋግረው የሚሸጡት፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት ደግሞ በአይጧ ጉበት ውስጥ ይቆያሉ። አይጧም ወዲያው ስለማትሞት ለቀናት እየተንገዳገደች ትሄዳለች። ጭልፊት ከሁሉ በፊት የሚይዘው የምትንገዳገደዋን ነው። በአጠገብህ ጫት ካለ በምን እንደሚረጭና መቼ እንደሚረጭ ጠይቅ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ካለ ቀና ብለህ አግዳሚው ብረት መሆኑንና ሽቦዎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ እይ። ሰፊ ክንፍ ሁለት ሽቦ ወይም ሽቦና ብረት በአንዴ ከነካ ወፉ አለቀለት። ከምሰሶው ሥር የወደቀ ላባ ካለ ጻፈው። ወንጭፍ የያዙ ልጆችም እንዳይቀሩ፣ እነሱንም ጻፍ።

ይህን ሁሉ ከሰበሰብክ በኋላ ነጥብ ትሰጣለህ። ምግብ፣ ምግቡን የማየት ዕድል፣ መቀመጫ፣ የጎጆ ዛፍ፣ ከአደጋ ነፃ መሆን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 1 ስጥ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ሰዎች እንዲህ ዓይነት መለኪያ ለብዙ እንስሳት አዘጋጅተው ነበር። ከእነሱ የምወደው አንድ ነገር አለ። የግድ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ነጥብ ብዙ ጊዜ አይደምሩትም፣ ያባዙታል። ምግብ 0.9፣ መቀመጫ 0.8፣ የጎጆ ዛፍ 0.7 አግኝተህ ከአደጋ ነፃ መሆን 0 ቢሆን፣ ብትደምር ጥሩ ማሳ ይመስልሃል። ብታባዛ 0 ነው። አንዱ ከጠፋ የሌሎቹ መኖር አያድነውም። መርዝ ያለበት ማሳ ላይ መቀመጫ መትከል ደግሞ ከ0 ይብሳል፤ ወፉን ጠርተህ መግደል ነው። ስለዚህ እንጨቱን ከመቁረጥህ በፊት የመርዙን ነገር ከጎረቤቶችህ ጋር ጨርስ። ሁለት ሄክታር ለአንድ ጥንድ ጭልፊት ጠባብ ነው፤ በአንድ ቀን የአንተንም የአምስት ጎረቤትህንም ማሳ ይዞራል።

ጭልፊት አይጥን ጨርሶ ያጠፋል ብዬ ግን አልዋሽህም። አይጥ በበዛበት ዓመት ብቻውን አይችለውም። ክምሩን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አድርግ፣ ቀዳዳውን ቆፍር፣ ወቅቱን ጠብቀህ በአንድ ላይ ዝሩ፣ በአንድ ላይ እጨዱ። ወፉ የሚሠራው ከዚህ ጋር ሲሆን ነው። የመስከረሙን ቆጠራ ስትጨርስ ደብተሩን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። አነበዋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ባህር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው። ባለፈው ከ11 ጫጩት ስድስቱን ጭልፊት ወሰደብኝ። እርስዎ ወፍ ይወዳሉ ሲሉኝ ነው የምጽፈው። እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስድስት ጫጩት ቀላል አይደለም። ብታዝኚ አይፈረድብሽም። የወሰደብሽ በከተማ የሚዞረው ቡናማው፣ ጅራቱ እንደ መቀስ ሁለት የተከፈለው፣ አፉ ቢጫ የሆነው ነው። ከቄራና ከቆሻሻ መጣያ የሚለቅመው እሱ ነው። ጅራተ ቀዩ እንዳይታማ ብዬ ነው የምለይልሽ።

ጫጩቶቹን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንት ሜዳ ላይ አትልቀቂያቸው። ከሽቦ ወይም ከሸምበቆ የተሠራ፣ ከላይ የተከደነ ሰፊ ቅርጫት በቂ ነው፤ እናቲቱ አብራ ትግባ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ግቢሽ ውስጥ የሚሸሸጉበት ይኑራቸው። ጌሾ ሊሆን ይችላል፣ ቡና ሊሆን ይችላል፣ የተደገፈ ጣውላም ይሆናል። ጭልፊት ክፍት ግቢ ነው የሚወደው፤ ከጥሻ ውስጥ ጫጩት ማውጣት አይመቸውም። የተረፈ ሥጋና የዶሮ አንጀት ግቢ ውስጥ አትጣይ፣ መጥሪያው እሱ ነው። መርዝ የተቀባ ሥጋ እንዳታስቀምጪ አደራ። በከተማችን ከቄራው ዙሪያ የምታያቸው ትንንሾቹ፣ ራሳቸው ገላጣ የሆኑ ጥንብ አንሳዎች በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ናቸው። ያ ሥጋ ለጭልፊት ተቀምጦ እነሱ ይበሉታል።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ነጭ ራስ ያለው ንስር በየዛፉ ሲጮኽ እንሰማ ነበር። አሁን እኛ ባለንበት ዳርቻ ጠፋ። ሊመለስ ይችላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚጮኸውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሁንም ጣና ላይ አለ፤ ከእርስዎ ዳርቻ ነው የራቀው። ለእሱም ምዘናው ያው ነው። ቀኑን በአብዛኛው ተቀምጦ የሚውል ወፍ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ዳር ትልቅ ዛፍ ይፈልጋል። የሚይዘው ከውሃው ገጽ ቀረብ ያለውን ዓሣ ነው፤ ስለዚህ ክፍት ውሃ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ይበልጥ የጎዳው እናንተ ያላችሁበትን ሰሜኑንና ሰሜን ምሥራቁን ነው። ውሃው በእምቦጭ ሲሸፈን ከታች ዓሣ ቢኖርም ለንስሩ የለም። የዳጉሳው ነገር ነው፣ ከላይ ያለውን መልስ ያንብቡት።

እምቦጩን ብቻዎን አያጠፉትም። ዛፉን ግን ይችላሉ። በዳርቻው የቀረ ሾላ ወይም ዋርካ ካለ እንዳይቆረጥ ከመንደሩ ጋር ይማከሩ። ከሌለ፣ ሾላ ከቅርንጫፍ ይበቅላል። ክንድ የሚወፍር፣ ከቁመትዎ የሚበልጥ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ክንድ ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይትከሉት። ጎርፍ ከሚደርስበት ትንሽ ከፍ ይበል። ፍየል እንዳይነካው ዙሪያውን በግራር እሾህ ይጠሩት፤ ከራስዎ ቁመት እስኪያልፍ እሾሁን አያንሱለት።